ከበረዶ በታች ያለው እሳት፦ ወደ ደቡብ አይስላንድ ለሚሄድ መንገደኛ

ወደ ደቡብ አይስላንድ የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፥ በዚያ አገር ከእሳቱ ይልቅ የሚያስፈራው ውኃው መሆኑን ነው። ካትላና ግሪምስቮትን የተባሉት እሳተ ገሞራዎች ውፍረቱ በመቶ ሜትሮች በሚቈጠር የበረዶ ግግር ተከድነው ስለሚኖሩ፥ በተነሡ ጊዜ በረዶውን ከሥሩ እያቀለጡ ውኃ ያጠራቅማሉ፤ ያም ውኃ የተጫነውን ግግር አንሥቶ መውጫ ባገኘ ጊዜ፥ ድልድይ ሳይገታው መንገዱን ሁሉ ጠርጎ እስከ ውቅያኖስ ይወርዳል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ አስቀድሞ ማውጣት ይኖርበታል። ለጉዞው ቀኑ የሚረዝምበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ወራት ይመረጣል።

ከሬይካቪክ ተነሥቶ ደሴቲቱን በሚዞረው አንደኛ ቍጥር መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ቪክ ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዪቱ በስተ ሰሜን ሚርዳልስዮኩል የተባለው ግግር፥ ከግግሩም በታች ካትላ ይገኛል፤ ካትላ በብርቱ የተነሣው ለመጨረሻ ጊዜ በእኛ አቈጣጠር በጥቅምት 1911 ዓ.ም. ነው። በኮረብታው ላይ የቆመችው ቤተ ክርስቲያን ማስጠንቀቂያ በተሰጠ ጊዜ ሕዝቡ የሚሸሽባት አምባ ስለ ሆነች፥ በዚያ የሚያድር እንግዳ ወደ እርሷ የሚያወጣውን መንገድ ገና ብርሃን ሳለ በእግሩ ሄዶ ቢያውቀው መልካም ነው።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምመክረው፥ ከዚያ አልፎ በስካፍታፌል አጠገብ በተዘረጋው ጥቍር የአሸዋ ሜዳ ላይ መኪናን አቁሞ ብዙ ሰዓት መቈየትን ነው። ወንዞቹ እጅግ አስቸጋሪ ስለ ነበሩ አንደኛ ቍጥር መንገድ ይህን ሜዳ ተሻግሮ ዙሩን የፈጸመው ገና በ1966 ዓ.ም. ነው። መስከረም 20 ቀን 1989 ዓ.ም. ከግሪምስቮትን በስተ ሰሜን፥ ቫትናዮኩል ከተባለው ታላቅ ግግር በታች እሳት ተነሣ፤ የቀለጠውም ውኃ በበረዶው ሥር ሾልኮ ወደ ግሪምስቮትን ሐይቅ ሲወርድ ከአምስት ሳምንታት በኋላ፥ ጥቅምት 26 ቀን ሐይቁ ገንፍሎ ወጣ። ጎርፉ እጅግ በበረታ ጊዜ በየሰከንዱ 45,000 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይወርድ ነበር፤ ቤት የሚያህል የበረዶ ቋጥኝ እየተንከባለለ መጣ፤ አንዱ ድልድይ ፈጽሞ ጠፋ፥ ሌላውም ተሰበረ። ሊቃውንቱ ነገሩን አስቀድመው ስላወቁና መንገዱ ስለ ተዘጋ አንድም ሰው አልሞተም። የተጣመሙት የድልድይ ብረቶች ዛሬ በመንገዱ ዳር ለመታሰቢያ ቆመዋል፤ የሠለስቱ ደቂቅን መዝሙር በልቡ የያዘ መንገደኛም፥ እሳትና በረዶ በአንድነት ለምስጋና ሲጠሩ የሰማውን በዚህ ስፍራ በዐይኑ ያየዋል።

በግግሩ ላይ ያለ መሪ፥ ጥርስ ያለው የብረት መርገጫም ሳይታሰር ከቶ አይወጣም። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ብሬይዳሜርኩርዮኩል በተባለው ግግር በረዶ ተደርምሶ አንድ ጎብኚ ስለ ሞተ፥ ሙቀት በሚበረታበት በበጋቸው ወራት ወደ በረዶ ዋሻ መግባትን እቃወማለሁ፤ ዋሻ ማየት የወደደ በክረምታቸው፥ ከታመነ መሪ ጋር ይሂድ።

ከግግሩ የሚወጣው ወንዝ ድንገት ሲሞላና የድኝ ሽታ ሲበረታ ከሥር የተከማቸው ውኃ መውጣት መጀመሩን ያመለክታል፤ ከውኃው ጋር የሚመጣውም መርዛም ጋዝ በዝቅተኛ ስፍራ ይተኛል። ስለዚህ መንገደኛው ፎቶግራፍ ለማንሣት ሳይዘገይ ወደ ከፍታ ወጥቶ በ112 ይደውል፤ ባለሥልጣኖቹ የማስጠንቀቂያ መልእክት በአካባቢው ወዳሉት ስልኮች ስለሚልኩም፥ ስልኩን ሌሊት እንኳ አይዝጋ።