ስለ ተከለለ መሬትና ስለ ዱር አራዊት

የዛሬው ትምህርታችን በዐረብኛ «ሒማ» ስለሚባለው ነገር ነው። ሒማ ማለት ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ተከልሎ የሚጠበቅ መሬት ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አን-ነቂዕ የተባለውን ሥፍራ ለሙስሊሞች ፈረሶች ከልለውት ነበር። በመዲናም ክልል ዛፍ እንዳይቈረጥ፣ አውሬም እንዳይታደን አድርገዋል። ጫጩቶቿ የተወሰዱባት ወፍ ክንፏን እየዘረጋች ስትንገላታ ባዩ ጊዜ፣ ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት አዘዋል። አደን ለሚበላው ሰው የተፈቀደ ነው፤ ሕይወት ያለውን ፍጡር ለጨዋታ ዒላማ ማድረግ ግን የተወገዘ ነው።

ነጋዴ ከሁሉ ይልቅ ሊያስተውለው የሚገባው የኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ሥራ ነው። ሁነይ የተባለውን ነጻ የወጣ አገልጋያቸውን በሒማ ላይ ሲሾሙ፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድኻ እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍንና የዑስማን ኢብን ዐፋንን መንጋ ግን እንዳያስገባ አዘዙት። እነዚህ ሁለቱ ታላላቅ ሶሐቦች፣ ደግሞም ስመ ጥር ነጋዴዎች ነበሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የባለጸጎቹ ከብት ቢያልቅ የሚመለሱበት ተምርና እርሻ አላቸው፤ የድኻው ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ ከኸሊፋው ደጅ ይቆማል። ያን ጊዜ ወርቅና ብር ከመስጠት ቀድሞ ሣርና ውሃ መስጠት ይቀላል።

ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ቦርደዴ እንምጣ። ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ቈላ የግራር አገር ነው። በምዕራብ በኩል የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ በ1969 በሕግ ታውጇል፤ ሳላ፣ የሜዳ ፍየል፣ አምበራይሌና ሰጎን የሚታዩበት ምድር ነው። ነገር ግን አከላለሉ የከረዩን፣ የኢቱንና የአፋርን አርብቶ አደሮች ከግጦሻቸው ስላራቀ ለብዙ ዘመን ቅሬታ አስከትሏል። ለሁነይ የተሰጠው ትእዛዝ ታስቦ ቢሆን ኖሮ ቅሬታው ባነሰ ነበር። በጭሮ በኩል ባለው ደጋ ደግሞ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን የደጋ አጋዘን ለማዳን የቁኒ ሙክታር መጠበቂያ በ1990 እ.ኤ.አ. ተቋቁሟል።

ጥፋቱን ሁሉ በአርብቶ አደሩ ላይ መጫን የቸኰለ ፍርድ ነው። ግራሩን በመጥረቢያ የሚጥለው ድኻው ነው፤ በመንገድ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ በመኪና ጭኖ ወደ ከተማ የሚወስደው ግን ነጋዴው ነው፤ ትልቁም ትርፍ የእርሱ ነው። በበጋ ሣሩ ባለቀ ጊዜ የግራር ፍሬ የፍየል ቀለብ ነው፤ አምበራይሌም የሚኖረው ከቅጠሉና ከጥላው ነው፤ ንብም አበባውን ትቀስማለች። እንግዲህ ከጆንያው ከሰል ጋራ የጎረቤት ወተትና ማር አብሮ ይሸጣል። ያው ነጋዴ በማግሥቱ ፍየል ሊገዛ ወጥቶ የከሳ ፍየል ቢያገኝ ማንን ይወቅሳል?

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንንም፣ በዱር እንስሳት ውጤት መነገድንም ከልክሏል። አንዳንዶች «እኔ አላደንሁም፤ ከአዳኙ ገዛሁ እንጂ» ይላሉ። ገዢ ባይኖር ግን አዳኙ ለቆዳ ሲል ጥይቱን ባላባከነ።

የቦርደዴ ሽማግሌዎች አንድ ሸለቆ ሊከልሉ ቢመክሩ፣ አስቀድሞ የሚዘጋው የባለ መኪናው መግቢያ ይሁን፤ ሁለት ፍየል ብቻ ያላት መበለት ግን የወደቀውን እንጨትና የረገፈውን ፍሬ ትልቀም።