ንግድና ዚክር፤ ነጋዴ ቀኑን እንዴት ይካፈለው?

  

አንባቢ ወንድሜ ሆይ! ሱቅህን በማለዳ ከፍተህ፣ ሸቀጥህን ዘርግተህ፣ ከገዥው ጋራ ስትከራከር፣ በዱቤ የወሰደውን ስትጠብቅ፣ ለአከፋፋዩ የምትከፍለውን ስታሰላ ቀኑ እንዴት እንዳለቀ ሳታውቀው ይመሻል። ወደ ቤትህም በገባህ ጊዜ በእጅህ ያለው ስልክ ገበያውን ይዞ አብሮህ ይገባል። ልጅህ ሊያነጋግርህ ሲቀርብ በእጅህ ምልክት «ቆይ» ትለዋለህ። እርሱም ይቆያል፤ በመጨረሻም መቅረቡን ይተዋል።

ይህን የምጽፈው ንግድን ላወግዝብህ አይደለም። ንግድ ሐላል ነው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይነት ሳይመጣላቸው የኸዲጃን ሸቀጥ ይዘው ወደ ሻም ነግደዋል። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ከመካ ተሰደው መዲና በደረሱ ጊዜ የመዲናው ወንድማቸው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ የሀብታቸውን እኩሌታ ሊሰጧቸው ፈቅደው ነበር፤ እርሳቸው ግን መርቀዋቸው ገበያው ወዴት እንደ ሆነ ብቻ ጠየቁ፤ በደረቀ አይብና በቅቤም ንግድ ጀመሩ። ሱረቱን ኑርም በ37ኛው አንቀጹ የሚያወድሳቸው ሰዎች ንግድ ከአላህ ዚክር የማያዘናጋቸው ናቸው፤ የማይነግዱ ናቸው አላለም። ሱቁን ዘግቶ የሰው እጅ እየጠበቀ «ዱንያን ትቻለሁ» የሚለውን ሰው እኔ በበኩሌ አላምነውም።

አሁን ደግሞ 62ኛውን ምዕራፍ፣ ሱረቱል ጁምዓን፣ ከ9ኛው አንቀጽ ጀምረህ አስተውለህ ተመልከት። የጁምዓ ጥሪ በተሰማ ጊዜ መሸጥና መግዛት እንዲቀር ያዛል። የሚከተለው አንቀጽ ሶላቱ ሲፈጸም በምድር ላይ ተበትነን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ይነግረናል፤ አላህንም አብዝተን እንድናወሳ ያዘናል። ልብ በል፤ ቀኑን ሙሉ ሱቃችሁን ዝጉ አልተባለም። ነገር ግን የቀኑን ቀጠሮ የሚቆርጠው አዛኑ ነው፤ ገበያውም ለአዛኑ ስፍራ ይለቃል።

የዚያው ምዕራፍ መጨረሻ የወረደበትን ምክንያት ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ አውርተውታል። በጁምዓ ቀን እህል የጫነ ሲራራ መዲና ገባ። ሕዝቡ ነቢዩን ትቶ ወደ እርሱ ሮጠ፤ ከእርሳቸው ዘንድ የቀሩት 12 ሰዎች ብቻ ነበሩ። የወጡት ሰዎች ከሓዲዎች እንዳይመስሉህ፤ ገበያ ሲመጣ ልባቸው የቸኮለ አማኞች ነበሩ። እኛ ግን ዛሬ የምንወጣው እህል ለጫነ ግመል እንኳ አይደለም፤ በኪሳችን ውስጥ ለተንቀጠቀጠ ስልክ ነው።

«ታዲያ ጊዜውን ከየት ላምጣ?» ትለኝ ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ ከሰይዲና ዑመር የተሻለ መልስ የሚሰጥህ ሰው አላገኘሁም። ሰይዲና ዑመር ዐዋሊ በሚባለው በመዲና ዳርቻ ይኖሩ ነበር። ሥራ ነበራቸውና በየቀኑ ከነቢዩ ዘንድ መዋል አልተቻላቸውም። ስለዚህ ከአንድ አንሷሪ ጎረቤታቸው ጋራ ተስማምተው ተራ ገቡ፤ አንድ ቀን ጎረቤታቸው ይወርዳል፣ አንድ ቀን እርሳቸው ይወርዳሉ። የወረደው ሰው በዚያ ቀን የመጣውን ወሕይና ሌላውንም ወሬ ይዞ ለቀረው ይነግረዋል። ይህን ያወሩት ራሳቸው ዑመር ናቸው፤ ቡኻሪም ዘግበውታል።

እንግዲህ ተራ መግባትን አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። ምሳ ስትበላ ሱቅህን የሚጠብቅልህ ማን ነው? የዕቃ ጭነት ልትቀበል ስትሄድስ? ጎረቤትህ ነው። ሙስሊም ባይሆንም እንኳ ይጠብቅልሃል፤ እርሱም ለቅሶ ሲሄድ አንተ ትጠብቅለታለህ። ለምሳና ለጭነት የተገኘው ተራ ለዙህርና ለዐስር ሶላት፣ የታመመን ለመጠየቅ፣ አሮጊት እናትህን ለማየት ለምን ይጠፋል? ሸሪክ ካለህማ ነገሩ ይበልጥ ይቀልልሃል፤ በትርፍ ክፍያ የተስማማችሁትን ያህል በጊዜም ክፍያ ተስማሙ። ማክሰኞ ማታ አንተ ደርስ ተቀመጥ፤ ሐሙስ ማታ እርሱ ይቀመጥ፤ የሰማችሁትንም ተነጋገሩ።

በዚህም ሁሉ ለዑመር አንዳንድ ነገር ያመልጣቸው ነበር። በኸሊፋነታቸው ዘመን አቡ ሙሳ አል አሽዐሪ ከደጃቸው ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቀው መልስ ቢያጡ ተመለሱ። ለምን እንደ ተመለሱ ሲጠየቁም የነቢዩ ትእዛዝ ይህ መሆኑን ተናገሩ። ዑመር ምስክር አምጡ አሉ፤ አቡ ሰዒድ አል ኹድሪም መሰከሩ። ያን ጊዜ ዑመር ይህ ትእዛዝ ተሰውሮባቸው የኖረው በገበያ ንግድ ተይዘው ስለ ነበረ መሆኑን ገልጠው ተናገሩ። ይህን ታሪክ ሳስተምር ሁልጊዜ እዚህ ላይ ጥቂት እቆማለሁ። አንድ ታላቅ ኸሊፋ የቀረበትን ነገር፣ ያስቀረበትንም ምክንያት በሰው ፊት ያምናል። አንተ በየዓመቱ የሸቀጥህን ጉድለት በመዝገብ ትቆጥራለህ። ገበያው ያስቀረብህን ነገርስ ቆጥረህ ታውቃለህን?

ደግሞም ሰውን ከቤቱ የሚያጠፋው ገበያ ብቻ አይደለም፤ ዒባዳም ሊያጠፋው ይችላል። አቡ ደርዳእ ቀኑን በጾም ሌሊቱን በሶላት ያሳልፉ ነበር። ወንድማቸው ሰልማን ሊጠይቋቸው መጥተው ባለቤታቸው ራሷን ጥላ ቢያገኟት ምክንያቱን ጠየቋት፤ እርሷም ባሏ ከዚህ ዓለም ነገር የሚሻው እንደሌለ ነገረቻቸው። ሰልማንም አቡ ደርዳእን ከማዕድ አብረው እንዲበሉ፣ በሌሊቱም መጀመሪያ እንዲተኙ አስገደዷቸው፤ በሌሊቱ መጨረሻ ሁለቱም ተነሥተው ሰገዱ። ከዚያም ጌታም፣ ነፍስም፣ ቤተሰብም ሐቅ እንዳላቸውና ለእያንዳንዱ ሐቁ ሊሰጠው እንደሚገባ ነገሯቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት ተናገረ ብለው አጸኑላቸው።

ይህ ሐዲስ እኔን ራሴን ከሶኛል። ብዙ ዓመት የሰውን ልጆች ከፈጅር እስከ ዒሻእ ሳስቀራ ኖርሁ። አንድ ቀን የሰባት ዓመት ልጄን በእንግዶች ፊት ፋቲሓን ቅራ ብለው ከመካከል ተሳሳተ። እንግዶቹ ዝም አሉ። ማን እንዳስቀራው ብጠይቀው፣ ታላቅ እኅቱ ወጥ ቤት ሆና ስትቀራ እየሰማ እንደ ለመደ ነገረኝ። እናቱ ቀና ብላ አላየችኝም፤ ምንም አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ የማታውን ደርስ ትቼ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ያለችውን ጊዜ ለቤቴ ሰጠሁ። ከአንድ ሰዓት እምብዛም አትበልጥም። ከተማሪዎቼ አባቶች አንዱ ተቀይሞ ልጁን ወደ ሌላ መምህር ወሰደ፤ አልፈርድበትም። አንተ ገበያህ የሚደራው በመግሪብ ሰዓት ከሆነ፣ ከፈጅር በኋላ ሱቅ እስኪከፈት ያለውን ያዝ፤ ስልኩን ግን ከሌላ ክፍል አስቀምጠው። እኔ ባስቀመጥሁት በመጀመሪያው ሳምንት ጆሮዬ ወደዚያው ያዘነብል ነበር።

ልጄ አሁን ከዐምመ ጁዝእ እኩሌታ ደርሷል። እኅቱም አብራን ትቀመጣለች፤ ሲሳሳት ከእኔ ቀድማ የምትሰማው እርሷ ናት።