ባቡር «ዘገየ» የሚባለው መቼ ነው?

በምሥራቅ ጎጃም አማኑኤል፣ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን መናኸሪያዎች፣ ሚኒባስ የሚነሣው ሲሞላ ነው። የተቆረጠ መነሻ ሰዓት ስለሌለው «ይህን ያህል ደቂቃ ዘገየ» ማለት አይቻልም። ፍጥነት ከምን አንጻር እንደተለካ ካልተነገረ ትርጉም እንደሌለው ሁሉ፣ መዘግየትም ያለ ጊዜ ሰሌዳ ትርጉም የለውም።

ባቡር የጊዜ ሰሌዳ አለው። ስለዚህ የአንድን ባቡር መዘግየት ማወቅ ተራ ቅነሳ ነው። ችግሩ የሚጀምረው የብዙ ሺህ ባቡሮችን ጉዞ በአንድ መቶኛ ለመግለጽ ሲሞከር ነው።

1. ወሰኑ ስንት ነው?

የጀርመን ባቡር ድርጅት ከ6 ደቂቃ በታች የዘገየውን «በሰዓቱ ደረሰ» ብሎ ይቆጥራል፤ በስዊዘርላንድ ወሰኑ 3 ደቂቃ ነው። 4 ደቂቃ የዘገየ ባቡር በአንዱ አገር ሰዓት አክባሪ፣ በሌላው ዘግይቶ የመጣ ይሆናል። የሁለቱን አገሮች መቶኛ እንዲሁ ማወዳደር በክንድና በሜትር የተለኩ ርዝመቶችን አሃዳቸውን ሳይለውጡ እንደ ማወዳደር ነው።

2. የት ተለካ?

ከለቡ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ የሚጓዝ ባቡር አዳማ 20 ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰ፤ በመንገድ አካክሶ ድሬዳዋ በሰዓቱ ገባ እንበል። መጨረሻው ጣቢያ ብቻ ከታየ መዘግየት አልነበረም፤ አዳማ የወረደው መንገደኛ ግን 20 ደቂቃውን አጥቷል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በየጣቢያው የሚለካ፣ ወሰኑም 1 ደቂቃ ያልሞላ መዘግየት የሆነ መለኪያ ሥራ ላይ ያዋለችው ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት መፍትሔ ነው።

3. የተሰረዘውስ?

ከታቀዱት 10 ባቡሮች 8ቱ በሰዓቱ ደረሱ፣ 1 በ40 ደቂቃ ዘገየ፣ 1 ተሰረዘ። የተሰረዘው ከተቆጠረ ውጤቱ 80 በመቶ ነው፤ በጀርመን እንደሚደረገው ካልተቆጠረ 8 ለ9 ተካፍሎ 88.9 በመቶ ይሆናል። የዘገየውም ቢሰረዝ 8 ከ8፣ ማለትም 100 በመቶ! አገልግሎቱ እየከፋ ቁጥሩ ያምራል። በተሰረዘው ባቡር ለፈተና ሊሄድ የነበረው ተማሪ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

4. ተሳፋሪው ምን ያህል ጠበቀ?

መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ የአንዱ መዘግየት ወደ ሌላው ይተላለፋል። በእንዲህ ያለ የከተማ ባቡር ተሳፋሪው ሰሌዳ አይቶ አይመጣም፤ ለእርሱ ቁም ነገሩ በባቡሮች መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ባቡር በየ10 ደቂቃው ቢመጣ አማካይ ጥበቃው 5 ደቂቃ ነው። ክፍተቶቹ 2 እና 18 ደቂቃ እየሆኑ ቢፈራረቁስ? አማካይ ክፍተቱ አሁንም 10 ነው። ነገር ግን ከ20 ደቂቃ 18ቱ የረጅሙ ክፍተት ስለሆኑ፣ ተሳፋሪው በዚያ ውስጥ የመድረስ ዕድሉ 90 በመቶ ነው። ስለዚህ አማካይ ጥበቃው፦

0.9 × 9 + 0.1 × 1 = 8.2 ደቂቃ

የባቡሩ ብዛት ሳይቀንስ ጥበቃው ከ5 ወደ 8.2 ደቂቃ አደገ።

እንግዲህ «95 በመቶ በሰዓቱ» የሚል ዘገባ ስናነብ አራቱን ጥያቄዎች እናንሣ፦ ወሰኑ ስንት ነው? የት ተለካ? የተሰረዘው ተቆጥሯል? ተሳፋሪው ምን ያህል ጠበቀ?

መልመጃ፦ ክፍተቶቹ 5 እና 15 ደቂቃ ቢሆኑ አማካይ ጥበቃው ስንት ነው? (መልስ፦ 6.25 ደቂቃ)