የልብስ ስፌት ትምህርት፦ ባቲ ቀሚስ በቤት ውስጥ

በሐርጌሳ ሴቶች የሚለብሱት ሰፊው የጥጥ ቀሚስ፣ ባቲ፣ ዚፕም ኮሌታም ስለሌለው ለጀማሪ ይመቻል። ሆኖም የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም። በተለይ ገንዘቡ ከቤት አስቤዛ የተቀነሰ ከሆነ፣ አብዛኛው ሥራ መቀስ ከመነሳቱ በፊት ማለቅ አለበት።

በመጀመሪያ ደረትና ዳሌ ተለክቶ ሰፊው ይያዛል። ዳሌዋ 100 ሳንቲ ሜትር የሆነችን ሴት እንውሰድ። ለመቀመጥና ለመጎንበስ እንዲመች 12 ሲጨመር 112 ይሆናል። ለአራት ሲካፈል 28፣ ለጎን ስፌት 2 ሲጨመር 30 ነው። ከጨርቁ እጥፋት ጀምሮ የምንለካው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ እስከ ታች 30 ብቻ ከሆነ እርምጃ ይይዛል፤ ከዳሌ በታች ቀስ በቀስ ወደ 36 ይስፋ።

ቁመቱ ከትከሻ 135 ቢሆን፣ ለትከሻ ስፌት 2፣ ለታች ቅምቅማት 5 ተጨምሮ 142 ይሆናል፤ ለፊትና ለኋላ 284። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚገባ 3 ሜትር ተገዝቶ፣ ሳይቆረጥ ታጥቦ ይተኮሳል። ወርዱን ራስዎ ይለኩ እንጂ የሻጩን ቃል አይመኑ። 90 ከሆነ ለአካሉ ይበቃል፣ ለእጅጌው አይበቃም።

ወርዱ 115 ከሆነ ብዙዎች ጨርቁን መሃል ለመሃል ያጥፋሉ። ይህ ብክነት ነው፤ ትርፉ በግራና በቀኝ ተከፍሎ ለምንም የማይሆን ቅዳጅ ይሆናል። አንዱን ጠርዝ 36 ያህል ብቻ ወደ ውስጥ ያጥፉት። ያኔ በአንድ በኩል 43 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቁራጭ ይተርፋል። ከእሱ እስከ ክርን የሚደርስ ሁለት እጅጌ፣ የአንገት ገበር፣ ደረቷ 60 ለሆነች ልጅም አጭር ቀሚስ ይወጣል። ጨርቁ አበባ ካለው ግን የፊትና የኋላው አበባ ወደ አንድ አቅጣጫ መቆሙን ይዩ።

አንገቱ ከእጥፋቱ 8 ወደ ጎን፣ ከፊት 10፣ ከኋላ 3 ወደ ታች ይከፈታል። ዙሪያው ወደ 46 ሲሆን የአዋቂ ራስ ግን ከ55 በላይ ስለሆነ፣ ከኋላ 12 ሳንቲ ሜትር ተሰንጥቆ በአንድ ቁልፍና በክር ቀለበት ይዘጋል። ቅርጹን አስቀድሞ በአሮጌ ጋዜጣ ቆርጦ መሞከር ጨርቅ ያድናል። ጠመኔ ከሌለ የደረቀ የሳሙና ስባሪ ጥሩ ምልክት ያደርጋል።

ስፌቱ ከትከሻ ይጀምራል። ገበሩ በጨርቁ ፊት በኩል ተደርቦ አንገቱና ስንጥቁ ከተሰፉ በኋላ ኩርባው ጫፍ ጫፉን በመቀስ ነካ ነካ ተደርጎ ወደ ውስጥ ይገለበጣል፤ ካልተነካካ ይጨማደዳል። ቀጥሎ እጅጌው፣ ከዚያ ከእጅጌው ጫፍ እስከ ታች ጎኑ በአንድ ጉዞ ይሰፋል። መኪና የሌላችሁ እህቶች በእጅ ስትሰፉ መርፌውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ሂዱ። በዚህ ዓይነት የተሰፋ ጎን በቀላሉ አይተረተርም፤ ጠርዙ ግን መዘምዘም አለበት።

የታቹን ቅምቅማት ለማግስቱ ይተዉት። ቀሚሱ ሌሊቱን ተሰቅሎ ሲያድር ሰያፍ የተቆረጠው ጎን ትንሽ ስለሚረዝም፣ ጠዋት ተስተካክሎ ይቀመቀማል።