የእንጨት ሥራ ማሽን በመኖሪያ ቤት፤ መብራታችን ይችለዋል ወይ?

በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ፣ በግቢው ጥግ ቆርቆሮ ዘርግቶ ክብ መጋዝ ወይም መላጊያ ማሽን የተከለ አናጢ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የእጅ ሥራ የሚያስተምር መምህርም በሚመደብበት ት/ቤት «ይህን ማሽን መብራታችን ይችለዋል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። መልሱ በግምት ሳይሆን በስሌት የሚገኝ ነው።

1ኛ/ ሠሌዳውን ማንበብ

በሞተሩ ጎን በተለጠፈችው ሠሌዳ ላይ ቮልት፣ አምፔር፣ ኸርዝ፣ ኪሎዋት ወይም የፈረስ ጉልበት ተጽፎ ይገኛል። 1 የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ልብ በሉ! ይህ ሞተሩ ለመጋዙ የሚሰጠው ኃይል ነው እንጂ ከመስመሩ የሚስበው አይደለም፤ የሚስበው ይበልጣል። ለምሳሌ ባለ 1.5 ኪሎዋት፣ 220 ቮልት ሞተር ብቃቱ 75 በመቶ፣ ፓወር ፋክተሩ 0.85 ቢሆን፤

1500 ÷ (220 × 0.75 × 0.85) = 10.7 አምፔር ገደማ ይስባል።

ባለ 3.5 ኪሎዋት የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 16 አምፔር ያህል ይፈልጋል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ሲውሉ 27 አምፔር ሊሆን ነው። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መጋዝ ባይነሳ ይመረጣል።

2ኛ/ የመነሻ ጉልበት

ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ከመደበኛው 5 እጥፍና ከዚያም በላይ ይስባል። የኛ ባለ 10.7 አምፔር ሞተር በመነሻው 55 አምፔር ያህል ይጠይቃል ማለት ነው። ፊውዝ የሚመታው በዚህ ጊዜ ነው። ታዲያ አንዳንዱ በፊውዙ ፈንታ የመዳብ ሽቦ ይጠመጥማል። ይህ መፍትሔ ሳይሆን እሳት መጥራት ነው፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦው ግሎ ሰጋቱራውንና ቤቱን እንዳያቃጥል ነውና።

3ኛ/ የሽቦው ውፍረትና ርዝመት

እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከባሕር ዳር በጎንደር በኩል ወደ ሱዳን የሚዘልቀው መስመርም 230 ኪሎቮልት ይሸከማል። ይሁን እንጂ ጣቢያው የቱንም ያህል ቢያመነጭ፣ ከቆጣሪው እስከ ማሽኑ ያለው ሽቦ ቀጭን ከሆነ ሞተሩ ይራባል።

ማሽኑ ከቆጣሪው 40 ሜትር ይርቃል እንበል። ደርሶ መልስ 80 ሜትር ነው። የመዳብ ሬዚስታንስ ለ1 ሜትርና ለ1 ካሬ ሚሊሜትር 0.0175 ኦም ስለሆነ፤

ሀ/ በ1 ካሬ ሚ.ሜ. ሽቦ፦ 0.0175 × 80 ÷ 1 = 1.4 ኦም
ለ/ በ2.5 ካሬ ሚ.ሜ. ሽቦ፦ 0.0175 × 80 ÷ 2.5 = 0.56 ኦም

ሞተሩ ሲነሳ የራሱ ተቃውሞ 220 ÷ 55 = 4 ኦም ያህል ነው። በግርድፉ ስናሰላ፣ በቀጭኑ ሽቦ ሞተሩ የሚደርሰው 163 ቮልት፣ በወፍራሙ 193 ቮልት ይሆናል። የመዞር ጉልበት ከቮልቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ በቀጭኑ የሚቀረው የመነሻ ጉልበት 55 በመቶ፣ በወፍራሙ 77 በመቶ ብቻ ነው። ሞተር እያጉረመረመ አልነሳ ሲል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። እንደዚያ እያለ ከቆየም ይቃጠላል።

4ኛ/ ስለ ከፍታ፣ ስለ ሦስት ፌዝና ከውጭ ስለሚመጣ ማሽን

የሞተር ሠሌዳ ብዙውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ የተጻፈ ነው። ጎንደር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተርን በደንብ አያበርድም። ደግነቱ ብርዳችን ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ የሞተሩ ማናፈሻ በሰጋቱራ ከተደፈነ ግን ብርዱም አያድነውም።

ባለ 3 ኪሎዋት ሞተር በሲንግል ፌዝ 21 አምፔር ያህል ሲስብ፣ በሦስት ፌዝ 380 ቮልት በእያንዳንዱ ሽቦ 7 አምፔር ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ለከባድ ማሽን ሦስት ፌዝ ይሻላል። የሚገኘውም ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በማመልከት እንጂ ከጎረቤት በመሳብ አይደለም።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን ደግሞ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የኛ መስመር 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። በደቂቃ 3,450 ጊዜ ይዞር የነበረ ተራ ሞተር ወደ 2,875 ይወርዳል፤ ቮልቱም ወደ 100 ካልወረደለት ይግላል። ካርቦን ብሩሽ ያለው የእጅ መሣሪያ ግን ትክክለኛውን ቮልት ካገኘ የኸርዙ ልዩነት ብዙም አያስቸግረውም።

5ኛ/ መብራት ሲሄድና ሲመጣ

መብራት ሄደ እንበል። አናጢው ማጥፊያውን ሳይነካ የተሰነቀረች የዋንዛ ስንጣሪ ሊያወጣ እጁን ወደ መጋዙ ጥርስ ይሰዳል። በዚያች ቅጽበት መብራት መጣ! ጣት የሚቆረጠው እንዲህ ነው። ስለዚህ መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርግ ኮንታክተር ያለው ማብሪያ ይገጠም፤ የመሬት መስመርም ይዘርጋ። ኮንታክተር ከሌለ ልማድ ይኑር፤ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ማጥፋት፣ ቀጥሎ ሶኬቱን መንቀል፣ እጅ መጨረሻ ነው። ይህን ሕግ ተማሪው ከስሌቱም አስቀድሞ ይወቀው።

የመለማመጃ ጥያቄ

ባለ 0.75 ኪሎዋት የእንጨት ቶርኖ ከቆጣሪው 30 ሜትር ርቆ በ1.5 ካሬ ሚ.ሜ. የመዳብ ሽቦ ይሠራል። ብቃቱና ፓወር ፋክተሩ ከላይ እንደተጠቀሰው ቢሆን ስንት አምፔር ይስባል? ስንት ቮልትስ በመንገድ ይቀራል? (መልስ፦ 5.3 አምፔርና 3.7 ቮልት ገደማ። ሁለተኛውን በግማሽ ያገኘ፣ ሽቦውን ደርሶ መልስ መቁጠሩን ይመልከት።)