ጊምቢቹ መንገድ ላይ ሳጥን ለምትደብቀው እህቴ

እህትዓለም፣ ከሆሳዕና ወደ ጊምቢቹ በሚወስደው መንገድ ዳር የጂኦካሺንግ፣ ማለትም በጂፒኤስ ቁጥር የተደበቀ ዕቃ የመፈለግ ጨዋታ፣ ሳጥን ልትደብቂ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ብዙ መንገደኛ ወረዳችንን ሶሮን በመኪና መስኮት አይቶ ነው የሚያልፋት። አንድ ሰው እንኳ ወርዶ «እዚህ ምን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ትልቅ ነገር ነው። ከመውጣትሽ በፊት ግን አንድ ነገር ያዢልኝ፤ ቦታውም ታሪኩም ባለቤት አላቸው፣ ሁለቱንም ሳታስፈቅጂ ምንም አትደብቂ።

ጨዋታው የተጀመረው በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሆን ብሎ የጂፒኤስን ምልክት ማዛባቱን ባቆመ በቀናት ውስጥ፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ ባልዲ ደብቆ ቦታውን በቁጥር አሳወቀ። ያገኘ ሰው ስሙን ይመዘግባል፤ ከውስጡ ዕቃ ከወሰደ ተመጣጣኙን ይተካል። ዛሬ ደግሞ ሌሎች ደንቦች አሉት፦ ቆፍሮ መቅበር ክልክል ነው፣ ባለ ቦታው መፍቀድ አለበት፣ በሁለት ሳጥኖች መካከልም ቢያንስ 161 ሜትር ርቀት ይኖራል።

አትቆፍሪ የሚለውን ከሁሉ አስበልጠሽ ጠብቂው። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና ስትመጪ የምታገኚያቸውን የጢያ ትክል ድንጋዮች አስቢ። 36 ናቸው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ የቆሙትም በመቃብር ላይ ነው። በእኛም መንገድ ዳር የቆመ የመቃብር ድንጋይ ካየሽ ሥሩ ምንም አታስቀምጪ። አንዱ «ወርቅ ተቀብሯል» ካለ ሌላው ዶማ ይዞ ይመጣል፤ የፈረሰውን መቃብር ደግሞ ማንም መልሶ አይሠራውም።

ድልድይ ሥር፣ የቴሌ ማማ አጠገብ፣ ትምህርት ቤት በር ላይም አይሆንም። የታሸገ ዕቃ ከድልድይ ሥር የተገኘ እንደሆነ ሰፈሩ ይደነግጣል፤ ጣጣው ደግሞ ቀድሞ የሚደርሰው ፎቶ ሲያነሳ በታየ እንግዳ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባለ ይዞታውን፣ ቀጥሎ ቀበሌውን አነጋግሪ፤ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም ይወቀው። ብቻሽን አትሂጂ፤ አካባቢውን የሚያውቅ ዘመድ ይዘሽ፣ በሀዲይኛ ሰላምታ ሰጥተሽ ጀምሪ።

ለዕቃው ባዶ ሃይላንድ አትጠቀሚ፤ ልጆች ለቅመው ይወስዱታል፣ አይፈረድባቸውም። ውስጡ የሚታይ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ፕላስቲክ ይሁን፤ ላዩ ላይ ምንነቱን በአማርኛና በሀዲይኛ ጻፊበት። መዝገቡን በፌስታል ጠቅልዪ፣ እርሳስም ጨምሪ፤ እርጥብ ወረቀት ላይ እስክርቢቶ በደንብ አይጽፍም። ምግብ ግን አታስገቢ፤ አውሬ ይስባል።

እኔን ብትሰሚኝ ግን የመጀመሪያው ያለ ሳጥን ይሁን። ጨዋታው እንዲህ ያለ ዓይነትም አለው፤ አዲስ ማስመዝገብ ግን ዛሬ ለሁሉም ክፍት ስላልሆነ በራስሽ አሳውቂው፤ ሰው ቁጥሩን ተከትሎ ቦታው ይደርስና እዚያ ብቻ የሚገኝ መልስ ይዞ ይመለሳል። ጥያቄሽን ለምሳሌ ከንግሥት እሌኒ ጀምሪ። የሀዲያ ገዥ ልጅ ነበረች፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን አግብታ፣ ኋላም ለልጅ ልጃቸው ልጅ ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና መንግሥት መርታለች። ወደ ፖርቱጋል የላከችው መልእክተኛ ማቴዎስ በ1514 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ደርሷል። ከዚህ ቁጥር አድራሻ የሚፈታበት እንቆቅልሽ ልትሠሪ ትችያለሽ። ዘመን አቆጣጠሩን ግን ሁልጊዜ ለይተሽ ጻፊ። እ.ኤ.አ. እና ዓ.ም. በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያያሉ፤ በአድራሻ ላይ ደግሞ በሰሜን ኬክሮስ የአንድ ደቂቃ ስህተት ሰውን 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ያሳስታል፤ ሰባት ደቂቃ ከሆነ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ስልክሽ ያለ ዳታም ከሳተላይት ቦታውን ይለያል፤ ካርታውን ግን ሆሳዕና ሳለሽ አውርጂው። የባሕር ዛፍ ጥላ ሥርና ገደል ውስጥ ንባቡ ይዋዥቃል። ተመላልሰሽ ለኪ፣ አማካዩን ውሰጂ።

የመንደሩን ታሪክ በተመለከተ፣ ሽማግሌዎችን ቁጭ ብለሽ ስሚ እንጂ አታስቸኩያቸው። የነገሩሽን ጽፈሽ ከማሳወቅሽ በፊት መልሰሽ አንብቢላቸው። «ይህስ ለእኛ ይቅር» ያሉትን ሰርዢው፤ ስማቸው እንዲጠራ ካልፈለጉም አትጥሪ። ሁለት ሽማግሌዎች ሁለት ዓይነት ከነገሩሽ አንዱን እውነት፣ ሌላውን ተረት አታድርጊ፤ ሁለቱንም ጻፊ።

ትምህርት ተከፍቶ አንቺ ስትሄጂ ሳጥኑን ማን እንደሚጠብቀው ከአሁኑ ወስኚ። ክረምት ካለፈ በኋላ ሄዶ የሚያየው ሰው ካላገኘሽ ሳጥን አታስቀምጪ፤ የተተወ ፕላስቲክ ለጊምቢቹ ቆሻሻ ነው። ጥሩ ጥያቄ ግን ዝናብ አያበላሸውም፤ በዚያው ጀምሪ።