ቤቱ ሐራጅ ከመውጣቱ በፊት

አንድ ጁምዓ ከሰላት በኋላ የማውቃቸው የመርካቶ ነጋዴ ወደ ጥግ ወሰዱኝና ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የባንክ ማስጠንቀቂያ ነው። ልጃቸው ለንግድ ሲበደር የቤታቸውን ካርታ አሲዘውለት ነበር።

«ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ። በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልከፈላችሁ ቤቱን እንሸጣለን ነው የሚለው?»

«አዎ ሐጂ» አልኳቸው።

ወረቀቱ ከደረሳቸው ሃያ ቀን አልፎታል። በነዚህ ሃያ ቀናት ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ለባለቤታቸውም ጭምር።

ብዙ ሰው ቤት በዕዳ የሚሸጠው ፍርድ ቤት ሲወስን ብቻ ይመስለዋል። አበዳሪው ግለሰብ ከሆነ እውነት ነው። ባንክን ግን የ1990 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 97 ከዚህ ነፃ አድርጎታል። በውሉ ላይ ስምምነቱ ካለና ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ፣ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ ይሸጣል፣ ስሙንም ለገዢው ያዛውራል። የሐራጁን ሥርዓት ጥሶ ጉዳት ካደረሰ በሕግ ይጠየቃል። ግን ካሳ መጠየቅ ሌላ፣ ቤት ውስጥ መቆየት ሌላ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ክፍያው ገና መንገዳገድ ሲጀምር ወደ ባንኩ መሄድ ነው። ባንክ ብድር ሲበላሽበት መጠባበቂያ መያዝ ስላለበት ትርፉ ይጎዳል፤ ስለዚህ እሱም ቢሆን ሐራጅ አይናፍቅም። ምክንያትን በጽሑፍ አቅርቦ፣ በእጅ ያለውን ያህል ከፍሎ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘም መጠየቅ ይቻላል። በቃል «እሺ» መባል ግን አይበቃም፤ አዲሱ ውል ይፈረም። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ወለዱም እንደሚያብጥ አይረሳ። በሙራበሃ የተገዛ ከሆነ ዕዳው ከተስማሙበት ዋጋ በላይ አያድግም፤ ነገር ግን ከወለድ ነፃ ማለት ከመያዣ ነፃ ማለት አይደለም።

ሌላው መንገድ መራራ ነው፤ ቤቱን ራስ መሸጥ። እንበል ዕዳው 2 ሚሊዮን ብር ነው። ቤቱ ተረጋግቶ ቢሸጥ 6 ሚሊዮን ያወጣል፤ ሰው ያልለቀቀው ቤት በሐራጅ ሲቀርብ ግን ገዢው ችግሩን አይቶ 4 ሚሊዮን ተኩል ቢሰጥስ? በሁለቱም ከዕዳ የተረፈው ለባለቤቱ ይመለሳል። ልዩነቱ አንድ ሚሊዮን ተኩል ነው፤ የልጆች መጠለያ ይሆን ነበር። እርግጥ በመያዣ ያለ ቤት ባንኩ ሳይለቀው ስሙ አይዛወርም። ስለዚህ ገዢ ይዞ ባንኩ ዘንድ መቅረብ፣ ገዢውም ዕዳውን በቀጥታ ለባንኩ ከፍሎ ቀሪውን ለሻጩ እንዲሰጥ መዋዋል ያስፈልጋል። ይህ በአሥር ቀን አያልቅም።

ቁርኣን የተቸገረ ባለዕዳ እስኪመቸው ጊዜ ይሰጠው ይላል (አል-በቀራ፣ 280)። በቀርድ ሊደርሱልን የሚችሉ ወንድሞችም አሉን። ችግራችንን የሚሰሙት ግን የሐራጁ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው። ይሉኝታችን ለባንኩ ጠቅሞት እንደሆነ እንጃ!

«ባለቤትዎ ፈርመዋል?» አልኳቸው ሐጂን። የጠየቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነን ቤት ለማስያዝ የባልና ሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ወገን ነገሩን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።

«ፈርማለች» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ለልጁ ነው አልኳት እንጂ ቤቱ ሊሸጥ እንደሚችል አልነገርኳትም» አሉኝ።

ማታውኑ ነገሯቸው። ሰኞ ከባለቤታቸውና ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ባንክ ሄዱ። ወንድማቸው ይዘውት በመጡት ገንዘብ የተወሰነው ዕዳ ተከፈለ፤ ባንኩም ሐራጁን አቆይቶ ገዢ እንዲፈልጉ ሦስት ወር በጽሑፍ ሰጣቸው። አሁን በግቢያቸው ደላላ ይገባል፣ ደላላ ይወጣል፤ ዋጋውን የሚነጋገሩት ባለቤታቸው ናቸው።